ፋሲል ከነማ «ሜዳዬ» የሚለው የት ነው?

«አፄዎቹ ዛሬ በሜዳቸው ይጫወታሉ» ሲባል የት ማለት ነው? ሐሙሲት፣ ወረታና አካባቢው ላላችሁ የፋሲል ደጋፊዎች ባጭሩ እነሆ።

የክለቡ ቤት ጎንደር ያለው አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ነው። በ2009 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት እንግዶቹን የሚቀበለው እዚያው ነበር። ሊጉ ያኔ ደርሶ መልስ ነው፤ አንዱን በቤትህ፣ ሌላውን በሰው ቤት።

በ2013 ነገሩ ተቀየረ። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ በተመረጡ ከተሞች ተሰበሰቡ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። ጎንደር የለችበትም። ፋሲል የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳው በዚያ ዓመት ነው፤ አንድም የሊግ ጨዋታ በራሱ ሜዳ ሳያደርግ!

ለአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ደግሞ «ሜዳው» ባሕር ዳር ሆነ። መስከረም 2014 የሱዳኑን አል ሂላል እዚያ አስተናግዶ 2ለ2 ወጣ። መልሱ 1ለ1 አለቀ። ፋሲልን የጣለው ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ሕግ ነው። ባሕር ዳር ላይ የገቡበት ሁለት ጎሎች «በሜዳው» የገቡ ተብለው ተቆጠሩ፤ እሱ ግን ከቤቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም አገደ። ብሔራዊ ቡድናችንም ኅዳር 2014 ጋናን «ያስተናገደው» ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ነው።

ጉዳቱ የሚያርፈው ደጋፊው ላይ ነው። ከወረታ ተነስቶ ጎንደር ደርሶ የሚመለስ ሰው፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ልሂድ ቢል አቅሙ አይፈቅድም። ክለቡም የሜዳ ገቢውንና ጩኸቱን ያጣል።

እናንተስ ፋሲልን ጎንደር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው?