የነቀርሳ በሽታ በአጋጣሚም በዘርም ስለ መምጣቱ

የሰው ገላ እጅግ ረቂቃን በሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ ከነዚህም የሚበዙቱ እየተከፈሉ አሮጌውን በአዲስ ይተካሉ። ሕዋስ በሚከፈልበት ጊዜ በውስጡ ያለው ዘረ መል፥ ማለት ሥራውን የሚያዝዘው ረቂቅ ጽሕፈት፥ እንደ መጽሐፍ ይገለበጣል። ቁም ጸሐፊ ምንም ቢጠነቀቅ ዳዊት ሲጽፍ አንድ ፊደል መግደፉ አይቀርም፤ በዚህም ጽሕፈት እንዲሁ ነው። የሚበዛው ግድፈት ይታረማል፥ ወይም ጕዳት የለውም። ነገር ግን ግድፈቱ ተደራርቦ፥ መከፈልህን አቁም የሚለውን ትእዛዝ ያጠፋ እንደ ሆነ ሕዋሱ ያለ ልክ ይበዛል፤ ነቀርሳ የሚባለው ይህ ነው።

በአጋጣሚ የሚመጣውና በዘር የሚወረሰው እንዴት እንደሚለያዩ በሕፃናት የዐይን ነቀርሳ ተገልጦ ታይቷል። አልፍሬድ ኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቴክሳስ አገር በሂዩስተን ከተማ የታከሙትን የ48 ሕፃናት ታሪክ መርምሮ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ሐሳቡን አወጣ። በሁለቱም ዐይን የታመሙት፥ ባንድ ዐይን ብቻ ከታመሙት ይልቅ በጨቅላነታቸው ይያዙ ነበር። ምክንያቱንም እንዲህ ሲል አስረዳ። ሰው ከአባቱ አንድ ከእናቱ አንድ፥ ሁለት ግልባጭ አለው፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይጠብቃል። በሽታው የሚነሣው ሁለቱም ባንድ ሕዋስ ሲበላሹ ነው። ሁለቱም ግልባጮች ደኅና ሆነውለት ለተወለደ ሕፃን ይህ እጅግ ብርቅ አጋጣሚ ስለሆነ፥ ቢሆንም እንኳ ባንድ ዐይን ይሆናል። አንዱን ግድፈት ወርሶ የተወለደው ግን በየሕዋሱ ይዞት ስላለ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. ዘረ መሉ ራሱ ተገኘ፤ ሐሳቡም ጸና።

ግድፈቱን በየሕዋሱ የያዘ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ ማውረሱ ወይም አለማውረሱ እኩል ዕጣ ነው። ነገር ግን ከታመሙት ሕፃናት የሚበዙቱ በዘመዶቻቸው መካከል በዚህ የታመመ የላቸውም። እንግዲህ የእናትን ወገን መውቀስና ቤቱን ከጋብቻ መከልከል፥ ማንም አስቦ ባልጻፈው ግድፈት ሰውን መክሰስ ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። ብርሃን ሲያርፍበት የሕፃኑ ብሌን ነጭ ሆኖ ያበራል፥ ወይም ዐይኑ ይንሸዋረራል። ሞራም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዐይን ሐኪም ሳያየው መቈየት አይገባም። ከዐይን ሳይወጣ የተገኘ እንደ ሆነ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ወደ አንጎል ከደረሰ ግን ማዳኑ እጅግ ይከብዳል። የታማሚው ታናናሾችም ዐይናቸው ይታይ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዓመት በታች ስለሚነሣ፥ መምህሩ የሚያገኘው በተማሪው ላይ ሳይሆን እናቲቱ አዝላው በመጣችው በታናሽ ወንድሙ ላይ ነው።