ከጨረቃ ጀርባ እስከ ዳርፉር አሸዋ

በሙቀቱ ወራት ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ውስጥ አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛ ሰውና ጎንደር ላይ ደጁ የቆመ ሰው የሚያዩት የጨረቃ ፊት አንድ ነው። ጨረቃ ምድርን አንዴ ለመዞርና በራሷ ዛቢያ ላይ አንዴ ለመሾር የሚወስድባት ጊዜ እኩል ስለሆነ ጀርባዋን አታዞርልንም። በመጠኑ ስለምትወዛወዝ ከጠርዟ ጥቂት ይጨመርልናል፤ ተደምሮ ከምድር የሚታየው 59 በመቶ ያህሉ ነው። የቀረውን እስከ 1959 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ማንም አላየውም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር መጀመሪያ የሶቪየቷ ሉና 3 በጨረቃ ማዶ አልፋ ፎቶ አነሳች። ፊልሙን እዚያው ሆዷ ውስጥ አጥባ፣ አድርቃ፣ በመስመር በመስመር እያነበበች በሬዲዮ ላከችው። የደረሰው ምስል ጭጋግ የዋጠው ነበር። ያም ሆኖ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አሳየ፦ በእኛ በኩል ያሉት ሰፋፊ ጥቋቁር ሜዳዎች እዚያ ማዶ የሉም ማለት ይቻላል። ከጥቂቶቹ ጥቁር ነጠብጣቦች አንዱን ሩሲያውያን በሮኬት ሊቃቸው በጺዮልኮቭስኪ ስም ጠሩት።

ሉና 3 ግን አላፊ ነበረች። ጨረቃን እየዞሩ ፎቶ ማንሳት የተቻለው በኋላ ነው፤ በ1966 እና በ1967 አምስት የአሜሪካ ሉናር ኦርቢተር መንኮራኩሮች ከጨረቃ ገጽ 99 በመቶውን አነሱ። ፎቶ ሞላ፤ የጠፋው አንባቢ ነበር።

በ1967 ፋሩቅ ኤል-ባዝ የተባለ ወጣት ግብፃዊ ለአፖሎ ፕሮግራም በሚሠራው ቤልኮም ኩባንያ ተቀጠረ። ጂኦሎጂን የተማረው ዓይን ሼምስ ዩኒቨርሲቲና አሜሪካ፣ ሚዙሪ ነው። ከእነዚያ ፎቶዎች ጋር ተቀምጦ ጉድጓዱን ከጉድጓድ፣ ሜዳውን ከሜዳ እየለየ የጨረቃን ገጽ አጠና። ብዙም ሳይቆይ የማረፊያ ቦታዎችን የሚመርጠው ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነ፤ ጠፈርተኞቹንም ያሠለጥን ጀመር። ከአውሮፕላን ወደ መሬት እያሳየ ያዩትን በጂኦሎጂ ቋንቋ እንዲናገሩ ያለማምዳቸው ነበር። ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋናው ሰው ከካሜራው ይልቅ ይህ አስተማሪ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ አልፍሬድ ወርደን ነበር። በ1971 ክረምት የአፖሎ 15 ጓደኞቹ ዴቪድ ስኮትና ጄምስ ኧርዊን ጨረቃ ላይ ሲወርዱ፣ እሱ ብቻውን ለሦስት ቀን ያህል ጨረቃን ሲዞር ቆየ። በየዙሩ ወደ ማዶ ሲያልፍ ከምድር ጋር የሚያገናኘው ሬዲዮ ይቋረጣል። ሂውስተን ያሉት የበረራ ተቆጣጣሪዎች አይሰሙትም፣ እሱም አይሰማቸውም፤ ትልቁ ካሜራ ግን ሥራውን አያቆምም። ሉና 3 በጭጋግ ያሳየችው ጺዮልኮቭስኪ አሁን ከመሃሉ ተራራ የሚቆም፣ ዳሩ የተናደበት ግዙፍ ጉድጓድ ሆኖ ታየ። ወርደን ናዳውን በዓይኑ ለይቶ መዘገበ፤ ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበርና።

ችግሩ ፊልሙ የነበረበት ቦታ ነው። ካሜራዎቹ የተገጠሙበት የመንኮራኩሩ ክፍል ወደ ምድር ሲደርሱ ተጥሎ የሚቃጠል ነው። ስለዚህ ወርደን በመልስ ጉዞ፣ ከምድር ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ፣ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ የፊልም ሣጥኖቹን በእጁ አመጣ። 40 ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ኤል-ባዝ ከአፖሎ በኋላ ዓይኑን ወደ በረሃ መለሰ። የራዳር ሞገድ ደረቅ አሸዋን ሰርስሮ ስለሚገባ፣ ከሳተላይት በራዳር የተነሳ ምስል ከአሸዋ ሥር የተቀበረን የወንዝ ፈለግ ያሳያል። በ2007 እሱና ባልደረባው ኢማን ጎኔም በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሆነው በሱዳን ሰሜን ዳርፉር ላይ የጥንት ሐይቅ ዳርቻ አገኙ። ስፋቱ 30,750 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል ተባለ፤ ጣናን አሥር እጥፍ ያህል ነው። ኤል-ባዝ ከወቅቱ የሱዳን ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽር ጋር ተገናኘና «አንድ ሺህ ጉድጓድ ለዳርፉር» የሚል ዕቅድ ይፋ ሆነ። ተስፋው ባዶ እጁን አልመጣም፤ በግብፅ ምሥራቅ ኡወይናት በዚሁ መንገድ የተቆፈሩ ጉድጓዶች እርሻ አጠጥተዋል።

ሆኖም በዚያው ሰሞን ፈረንሳዊው ጂኦሎጂስት አለን ጋሼ ተቃወመ። ሐይቅ መኖሩን አልካደም፤ ውሃው ግን ከሺዎች ዓመታት በፊት ደርቋል አለ። በጦርነት መካከል ለተጠማ ሕዝብ ሺህ ጉድጓድ ከማወጅ በፊት ጥቂት የሙከራ ጉድጓዶችን መቆፈር ይሻል ነበር። ራዳሩ ያነበበው የሐይቁን ዳርቻ ነው፤ ውሃ መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጠው መቆፈሪያው ብቻ ነበር።