ስለትን የሚጨርስ ድንጋይ፦ የምላጭ መሳያ ድንጋዮች ከአርሲ ደጋ ሲታዩ



የአርሲ ደጋ በድንጋይ የሚታማ አገር አይደለም። ወፍጮው፣ የቤቱ መሠረት፣ የአጥሩ ካብ ሁሉ ከዚሁ ድንጋይ ነው። ቢላም ካራም በወንዝ ድንጋይ ይሳላል። ሆኖም የፊት ምላጭን ስለት ለመጨረስ የሚበቃ ድንጋይ ከዚህ መሬት ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት በዓለም የታወቁትን ያረጁ የፀጉር አስተካካይ ድንጋዮች አስቀድመን እንመልከት።

ስለት ማለት የብረቱ ሁለት ጎኖች የሚገናኙበት መስመር ነው። ድንጋይ ብረትን የሚስለው በመጫር ነው፤ ጭረቱ ከሁለቱም ጎን መጥቶ ጠርዙ ላይ ሲያበቃ ጠርዙን ጥርስ ያወጣለታል። ለማጭድ ጥርስ ይበጀዋል፤ ጉንጭ ግን አይታገሠውም። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሚገባ የተሳለ ምላጭ ጠርዝ ከ1 ማይክሮሜትር ያንሳል። ስለዚህ የማጠናቀቂያ ድንጋይ ሥራ ብረት ማንሣት ሳይሆን፣ ሻካራው ድንጋይ የተወውን ጥልቅ ጭረት ጥልቀቱ ባነሰ ጭረት መተካት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ከቤልጂግ አርደን፣ ከቪየልሳልም አካባቢ የሚወጣው ቢጫማ ድንጋይ፣ ኮቲኩል ነው። ማንጋኒዝ ከበዛበት የባሕር ደለል ከ480 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተነሣ ልውጥ አለት ነው። የሚቆርጠው በውስጡ የተበተነው ጋርኔት ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ቅንጣት ስፋት ከ5 እስከ 15 ማይክሮሜትር ይደርሳል። በቁጥር ብቻ ለሚያስብ ሰው ይህ ሻካራ ነው። ይሁን እንጂ የጋርኔት ቅንጣት ብዙ ገጽ ያለውና ወደ ክብነት የሚያደላ ነው፤ ማዕዘኑ ዝርጥ ስለሆነ በጥልቀት አይጭርም። ከዚህም በላይ ለስላሳ በሆነ ሚካ ውስጥ ተቀብሮ ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል። ባለሙያው በትንሽ ድንጋይ ፈግፍጎ ወተት መሳይ ጭቃ ያወጣል፤ በዚህ ጊዜ ድንጋዩ በፍጥነት ይቆርጣል። ከዚያ ጠብታ በጠብታ ውሃ እየጨመረ ያቀጥነዋል፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨርሳል። አንዱ ድንጋይ የሦስቱን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ለተማሪ መማሪያነት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የጀርመኑ የቱሪንገን ድንጋይ ሌላ ጠባይ አለው። እጅግ ደቃቅ ሸክላማ ንብርብር ድንጋይ ነው፤ ብረት የሚያነሣው በዝግታ፣ የሚተወው ስለት ግን ለቆዳ ለዘብ ያለ ነው። የሶንበርጉ ኤሸር ድርጅት ድንጋዮቹን በቀለም ለይቶ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀላል አረንጓዴ፣ ቢጫማ አረንጓዴ እያለ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ወረቀቱ ላልተላጠ ድንጋይ ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ በእኔ ግምት ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ መገኛው እንጂ ስለ ስለቱ አይደለም።

የአሜሪካው አርካንሳስ ድንጋይ ደግሞ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ኳርትዝ ነው። «ለስላሳ» እና «ጠንካራ» የሚባሉት ደረጃዎቹ በዋናነት የሚለያዩት በቅንጣቱ መጠን ሳይሆን በእምቅነቱ ነው። ጭቃ አያወጣም፤ ፊቱ ሲሟልጥ አቆራረጡም አብሮ ይለዝባል። በሰው ሠራሽ ድንጋይ ላይ የሚጻፈውን የቅንጣት ቁጥር ለተፈጥሮ ድንጋይ መስጠት ስሕተት የሚሆነው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ወደ ጭላሎ እንመለስ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው ይህ ተራራ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ ትራካይትና ባዛልት ነው። በእንዲህ ያለ አለት ውስጥ፣ ገና ከምድር በታች ሳለ ያደጉ የፌልድስፓር ክሪስታሎች በደቃቁ መካከል ተሰክተው ይገኛሉ። የድንጋዩ ዘጠና ዘጠኝ እጅ ቢለዝብ እንኳ አንድ ትልቅ ክሪስታል የአንድ ሰዓት ድካምን በአንድ ምት ያበላሻል። የማጠናቀቂያ ድንጋይ የሚሻው ጥንካሬን ሳይሆን አንድ ወጥነትን ነው፤ ያም በጸጥታ የዘቀጠ ደለል ጠባይ ነው። በአገራችን ተስፋ ካለ በትግራይ በሚገኙት ጥንታዊ ንብርብር ልውጥ አለቶች ዘንድ መፈለግ ይሻላል።

እሳተ ገሞራው ግን ባዶ እጃችንን አልተወንም፤ መሳያ የማያሻውን ባልጩት ሰጥቶናል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በጋደሞታ፣ ሰዎች ከ276,000 ዓመት በፊት ባልጩት እየፈለጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ከመልካ ቁንጡሬ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ባልጭትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው። አዲስ የተፈለጠ ባልጩት ጠርዙ ከብረት ምላጭ ይቀጥናል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ ሲደነዝም አይሳልም፣ እንደገና ይፈለጣል እንጂ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ ሁሉ ወደ አሮጌው ምላጭ እንመለስ የሚል ጥሪ አይደለም። እየተሳለ ከፊት ወደ ፊት የሚዘዋወር ምላጭ ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ የሚከፍት ፀጉር አስተካካይ ትክክል ነው። ለግል ምላጭ ግን አንድ ሊፈተን የሚገባው ነገር በቅርባችን አለ፤ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ የሚገኘው ዳያቶማይት። የጥቃቅን የውሃ ውስጥ ዋቅላሚዎች የሲሊካ ቅርፊት ክምችት ስለሆነ፣ ለድንጋይነት የማይበቃ ልል ነው፤ ዱቄቱ ግን ለብረት ማወልወያነት ያገለግላል። ተነፍቶ በጠፍር ላይ ቢቀባና ምላጩ በፊትና በኋላ በማይክሮስኮፕ ቢታይ፣ ጭረቱን ይቀንሳል ወይስ ዝገቱን ብቻ ያነሣል የሚለው በአንድ ከሰዓት የሚመለስ ጥያቄ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።