ሳብዎፈርና አራት በአራት ሳሎን

በወላይታ ዞን የዳሞት ፑላሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሻንቶ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ትናንሽ ከተሞች ሁሉ፣ ለሳሎኑ ቴሌቪዥንና ሁለት ስፒከር የገዛ ሰው ጥቂት ከሰነበተ በኋላ «ቤዝ ያንሰዋል፤ ሳብዎፈር ልጨምርበት ይሆን?» እያለ ማሰላሰሉ አይቀርም፤ ሻጩም መልሱን ከጥያቄው አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ዕቃው ምን እንደ ሆነና ለማን እንደሚበጅ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ መመርመር የገዢው ፈንታ ነው።

የሰው ጆሮ በጠቅላላው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል፤ ቁጥሩንም ሊቃውንቱ ሄርዝ ይሉታል። ሳብዎፈር የሚባለው ሣጥን ከዚህ ሰፊ ግዛት ቤዝ የሚባለውን የታችኛውን ጠርዝ፣ ይኸውም ከ20 እስከ 80 ወይም 100 ሄርዝ ያለውን ብቻ እንዲያገለግል የተሾመ ነው። መጠኑ የገዘፈው በከንቱ አይደለም፤ የድምፁ ሄርዝ በግማሽ በወረደ ቍጥር፣ ጉልበቱ ሳይቀንስ እንዲሰማ ከተፈለገ፣ ስፒከሩ አራት እጥፍ አየር መግፋት ግድ ይሆንበታልና፣ ባለ 4 ኢንቹ ትንሽ ስፒከር በ80 ሄርዝ የሚችለውን ሥራ በ40 ቢያዙት ወረቀቱ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን ያበላሻል። ስለዚህ ከባዱን ሸክም ለሚችለው ሰጥቶ ታናናሾቹን ማሳረፍ የሳብዎፈር ዋናው አገልግሎት ነው፤ ደረት መደብደቡ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 «ኧርዝክዌክ» የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ፊልም ተመልካቹን ከነወንበሩ ሊያናውጥ በተነሣ ጊዜ የገነነ የሲኒማ ጠባይ ነው እንጂ የሣጥኑ ዋና ሥራ አይደለም።

ወፍራም ድምፅ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑን በማኅሌት የቆመ ሁሉ ያውቃል። የከበሮው ሰፊ አፍ ሲመታ ከጆሮ ይልቅ በደረት ይሰማል። በገና ግን ሌላ ምሥጢር አለው፤ በክሩና በብርኵማው መካከል የሚገባው እንዝራ የተባለው ቍራጭ ቆዳ ክሩን እያስነዘረ ከመሠረቱ ድምፅ በላይ ብዙ ተከታይ ድምፆችን ስለሚያስነሣ፣ መሠረቱ በትንሽ ስፒከር ደክሞ ቢወጣ እንኳ ጆሮ ከተከታዮቹ ተነሥቶ የጎደለውን በልቡና ይሞላዋል። እንግዲህ የበገና መዝሙርና ዜና የሚያዳምጥ አባወራ ሳብዎፈር ባይኖረው የሚቀርበት እጅግ ጥቂት ነው፤ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ያለበትን ያሁኑን ዘፈን ወይም ፊልም ለሚወድ ግን ጕድለቱ እውነተኛ ነው።

ከሣጥኑ ይልቅ የሚያስቸግረው ቤቱ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፣ የ40 ሄርዝ ድምፅ አንዲቱ ማዕበል ብቻ 8 ሜትር ተኩል ትረዝማለች፤ ይህም ማለት አራት በአራት ሆኖ በተሠራ ሳሎን ውስጥ እንግዳው ከቤቱ ይረዝማል ማለት ነው። የማዕበሉ ግማሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክ በሚገጥምበት ጊዜ ድምፁ እንደ መቆም ብሎ ይጎለብታል፤ ለ4 ሜትር ይህ የሚሆነው በ43 ሄርዝ ግድም ሲሆን፣ ወርድና ርዝመቱ እኩል በሆነ ክፍል ሁለቱ ስለሚደራረቡ ነገሩ ይብሳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ጣት ሳያርፍበት ሲመታ 41 ሄርዝ ነውና፣ ያቺ አንዲት ድምፅ በመጣች ቍጥር ክፍሉ በሞላ ያገሳል፤ ያውም ለሁሉ እኩል አይደለም፣ በመካከል የተቀመጠው ሲጠማ ግድግዳ የተደገፈው ይሰክራል። በዚህ ላይ ቆርቆሮው ሲንቀጫቀጥ፣ ኮርኒሱ ሲያጉረመርም፣ የቡፌው ስኒዎችም ሲዘምሩ ይታሰብ። እኔ በአንድ ወዳጄ ቤት ተጋብዤ የሰማሁት ኮንሰርት ከዘፋኙ ይልቅ የስኒዎቹ ነበር። የጥንቱ የወላይታ ሣር ክዳን ቤት ቢያንስ ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ ጩኸት ነፃ ነው።

ስለሆነም በመጀመሪያ ያሉትን ስፒከሮች ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ማድመጥ ነው፤ ግድግዳው ቤዙን በነፃ ያበረታዋልና፣ ብዙ ሰው በዚሁ ይረካል። ካልረካ፣ ሞንታርቦ የሚያህል ሣጥን ሳይመኝ (የጣልያኑ ፋብሪካ ስም ለትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ የወል ስም ከሆነበት አገር ነን) ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች አንድ ብቻ ይግዛ፤ ከ80 ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ጆሮ ስለማይለይ ሁለተኛው አያስፈልግም። ቦታውን ለመምረጥ ቀላሉ ዘዴ ሣጥኑን አድማጩ በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አውጥቶ፣ ቤዝ ጊታር ያለበትን ዘፈን ከፍቶ፣ ባለቤቱ በጕልበቱ እየዳኸ የቤዙ ድምፅ ጥርት ብሎ ሳያገሳ የሚሰማበትን ጥግ መፈለግ ነው፤ እዚያው ይተከል። ልጆች ይሥቃሉ፤ ይሣቁ። ዝም ባለበት ሰዓት የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ መብራታችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ያ ጉምጉምታ በገመድ ገብቶ ሊሆን ይችላልና፣ ሣጥኑን ከመወንጀል በፊት ገመዱን ማየት ይገባል።

የድምፁ መጠን ግን ሳሎን ተቀምጦ አይለካም። ሌሊት ዘፈኑ እንደ ተከፈተ ወደ ጓሮ መውጣትና እንሰቱ መካከል ቆሞ ወደ ጎረቤት አጥር ፊትን መልሶ ማድመጥ ነው፤ 8 ሜትር ተኩል የሚረዝመውን ማዕበል የእንሰት ቅጠል አይመልሰውምና፣ ግጥሙ ሳይሰማ ድብደባው ብቻ የሚሰማ ከሆነ ተመልሶ ገብቶ ቁልፉን ወደ ግራ ማዞር ነው።