አምፕሊፋየር፣ ስፒከርና ሽቦ እንዴት ይጣመዳሉ?

ከአራቱ የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። እንግዲህ ሙዚቃን ይህን ያህል በሚወድ አገር፣ በወልድያም ሆነ በመርሳ አንድ ቤተ ሰብ ገንዘቡን አጠራቅሞ አምፕሊፋየርና ስፒከር ቢገዛ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያሳዝነው ግን ዕቃዎቹ ሳይጣጣሙ ቀርተው ድምፁ ሲበላሽ ወይም አምፕሊፋየሩ ሲቃጠል ነው። ገበሬ በሬዎቹን ሲያጣምድ ቁመታቸውንና ጉልበታቸውን እንደሚመለከት ሁሉ እዚህም ሦስት ነገር መመልከት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ኦም ነው። ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1827 ሕጉን ካሳተመው ከጀርመናዊው ሊቅ ከጌኦርግ ኦም ነው። የቤት ስፒከር ብዙውን ጊዜ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ከአምፕሊፋየሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይበዛል። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ከ4 እስከ 8 ኦም» ተብሎ ቢጻፍ ከ4 በታች መውረድ አይገባም። ለሠርግ ድምፅ ይጨምር ተብሎ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ቢታሰሩ ድምሩ 8 ይመስላል፤ በእውነቱ ግን 2 ኦም ብቻ ይሆናል። በሀብሩ መስኖ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ከአንድ ኩሬ ሁለት እኩል ቦዮች ቢከፈቱ ውኃው በእጥፍ ይወጣልና። ያን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ይግላል፤ ሲብስም ይቃጠላል።

ሁለተኛው ዋት ነው። ብዙ ሰው ዋቱ እጥፍ ከሆነ ድምፁም እጥፍ የሚሆን ይመስለዋል። ነገር ግን ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ ትንሽ ልዩነት ነው። ድምፁ እጥፍ መስሎ እንዲሰማን አሥር እጥፍ ያህል ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመካከለኛ ክፍል ብዙ ዋት መግዛት አያሻም። ደካማ አምፕሊፋየርን እስከ መጨረሻው መክፈት ደግሞ ድምፁን ያሻክራል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከርም ሊያቃጥል ይችላል። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ወዲያው መቀነስ ይገባል።

ሦስተኛው ሽቦ ነው። ስፒከሩ 10 ሜትር ርቆ በ0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢታሰር፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ ግማሽ ኦም ያህል ይሆናል። ስፒከሩ ባለ 4 ኦም ከሆነ ከኀይሉ ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ በሽቦው ውስጥ ባክኖ ይቀራል። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ግን የሚያባክነው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። ርቀቱ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ከሆነ ተራው የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን መፈለግ ትርፉ ወጪ ነው። ሽቦው ሲታሰር አምፕሊፋየሩ ይጥፋ፤ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይገናኝ። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ የበገናውና የከበሮው ወፍራም ድምፅ ይሳሳል።

ስለዚህ ወላጆቻችን እንዲህ ያለውን ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱ አብረናቸው ሄደን በጀርባው የተጻፈውን ኦምና ዋት ብናነብላቸው፣ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ትምህርት የቤታችንን ገንዘብ ከብክነት አዳነ ማለት ነው።