ማኅተም የያዘ እጅም ይጠየቃል

የዘር ማጥፋት ወንጀል ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚደቀነው ጠመንጃ የደገነ ወታደር ነው። ይሁን እንጂ ሚሊዮኖችን ለመፍጀት ጠመንጃ ብቻውን አይበቃም። ስም የሚመዘግብ ጸሐፊ፣ ሒሳብ የሚያወራርድ ገንዘብ ያዥ፣ ባቡር የሚመድብ ሹም ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ክሎድ ላንዝማን እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕዝብ ያቀረበው «ሾዓ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ ሐቅ ያለ ሽፋን ያጋለጠ በመሆኑ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ ልንወያይበት የሚገባ ነው ብለን እናምናለን።

ርእሱ በዕብራይስጥ «ጥፋት» ማለት ሲሆን፣ የሚያወሳውም ናዚዎች በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን የፈጁበትን ወንጀል ነው። ከ9 ሰዓት በላይ በሚወስደው በዚህ ሥራ ውስጥ በጦርነቱ ዘመን የተነሣ ፊልም አልገባበትም። አዘጋጁ 11 ዓመት የደከመው ከሞት የተረፉትን፣ ቆመው ያዩትንና ፈጻሚዎቹን ራሳቸውን ለማነጋገር ነው።

አጠያየቁ ልብ ሊባል ይገባዋል። «ለምን ገደላችሁ?» የሚል ጠቅላላ ጥያቄ ጠቅላላ ማመካኛን ይወልዳል። የቁጥርና የሰዓት ጥያቄ ግን መሸሸጊያ አይሰጥም። በፖላንድ በነበረው የትሬብሊንካ የግድያ ሰፈር ያገለገለው ፍራንዝ ሱሆመል፣ በስውር ካሜራ ፊት መሆኑን ሳያውቅ፣ የሰፈሩን ካርታ በዘንግ እያመለከተ ግድያው እንዴት ይካሄድ እንደነበር እንደ አንድ ተራ ሥራ አስረድቷል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የባቡር ሹሙ ምላሽ ነው። በተያዘችው ፖላንድ የልዩ ባቡሮችን ጉዞ ያደራጅ የነበረው ዋልተር ሽቲር፣ ከጠረጴዛው ያልተነሣ ሰው እንደነበረና ትሬብሊንካም ለእርሱ የመድረሻ ስም ብቻ እንደነበረች ተናግሯል።

ለዚህ ማመካኛ መልስ የሚሰጠው ያው ወረቀት ነው። የታሪክ ተመራማሪው ራውል ሂልበርግ በፊልሙ ውስጥ ቁጥር 587 የተሰኘውን የባቡር ጉዞ ትእዛዝ ዘርግቶ ያነባል። ባቡሩ 50 ፉርጎ ይዞ ትሬብሊንካ የሚገባበት ሰዓት ተጽፏል፤ ባዶውን የሚመለስበትም ሰዓት እንዲሁ ተጽፏል። የጉዞው ዋጋም በታሪፍ ይታሰብ ነበር፤ ከ10 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ግማሽ ሒሳብ፣ ከ4 ዓመት በታች ላሉት በነፃ። ለጠባቂዎቹ የደርሶ መልስ ሲከፈል፣ ለአይሁዶቹ የሚከፈለው የመሄጃው ብቻ ነበር። ወጪውም ይሸፈን የነበረው ከራሳቸው ከሟቾቹ በተዘረፈ ሀብት ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ፦ ሞልቶ የሄደ ባቡር ሁልጊዜ ባዶውን ሲመለስ ተሳፋሪው የት ቀረ? ይህንን ለመጠየቅ የጦር ምስጢር ማወቅ አያስፈልግም፤ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ማንበብ ብቻ ይበቃል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በዚያ ዘመን ያበረው ድር ግን ያሰረው ንጹሐንን ነው። ክሩን የፈተለው እያንዳንዱ ሰው «የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት» ይል ነበር። ሥራ በተከፋፈለ ቁጥር ኀላፊነትም አብሮ ይሸራረፋል የሚለው አስተሳሰብ ሐሰት መሆኑን ይህ ፊልም በማያሻማ ሁኔታ አረጋግጧል።

በመሆኑም ከመዝገብ ቤት እስከ ጋራዥ፣ ከፋብሪካ እስከ ማኅበር ጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሁሉ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ወረቀቱ ወዴት እንደሚሄድና በማን ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅ ግዴታችን ነው። ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ ከስሙ በስተጀርባ ሰው መኖሩን የዘነጋ ብዕር፣ ጥይት ባይተኩስም ከገዳዩ ጎን ተሰልፏል።