ባንክ ቤት የሚሸጠው እንዴት ነው? ከሐራጁ በፊት ያሉት 30 ቀናት

እንደ ሉማሜ ባለች ከተማ አንድ ቤት ለሐራጅ ሲወጣ ወሬው ከማስታወቂያው ይቀድማል። ሰው ግን "ባንክ ወረሳቸው" ከማለት አልፎ ነገሩ እንዴት እንደሚካሄድ ብዙም አያውቅም። ዛሬ እሱን እናያለን።

መጀመሪያ ሕጉ። ግለሰብ ያበደረውን ገንዘብ ካጣ ከሶ፣ አስፈርዶ፣ ከዚያ በአፈጻጸም ነው ንብረት የሚያሸጠው። ባንክ ግን ይለያል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ራሳቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። ለዚህ ግን በውሉ ስምምነት መኖር አለበት፤ ባንኩም ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። መሬት ራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ስለማይሸጥ ስለማይለወጥ፣ የምናወራው ስለ ከተማ ቤት፣ ስለ መኪና እና ስለመሳሰሉት ነው።

ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያው ሲደርሰው አጣጥፎ ያስቀምጠዋል። ሐራጁ ሲቃረብ እግድ ፍለጋ ይሮጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ባንኩ በአዋጁ መሠረት የሚያካሂደውን ሐራጅ ፍርድ ቤት ሊያግድ እንደማይችል የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ወስኗል። ባንኩ ሥርዓቱን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ በካሳ ይጠየቃል። ካሳው ግን የሚመጣው ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው።

ሥራውን የሚሠሩት እነማን ናቸው? ፊልም ላይ እንደምናየው መኪና በሌሊት ጎትቶ የሚወስድ ድርጅት እኛ ጋ የተለመደ አይደለም። የባንኩ ብድር አስመላሽ ይደውላል፣ ቤት ድረስ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ያደርሳል። መሐንዲሱ ቤቱን ለክቶ ይገምታል። ማስታወቂያው እንደ "በኩር" ባሉ ጋዜጦች ይወጣል። ተጫራች አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን 25 በመቶ በሲፒኦ ያስይዛል።

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በትንሽ ከተማ ግን ደብዳቤውን የሚያደርሰው ልጅ ከባለ ዕዳው ጋር አንድ እድር ሊሆን ይችላል። ጠዋት በር አንኳኩቶ "ቤትዎ ሊሸጥ ነው" ያላቸውን እናት ከሰዓት ለቅሶ ቤት ያገኛቸዋል። ገዢም ቢሆን የጎረቤቱን ቤት ለመጫረት ያፍራል። ተጫራች ሲያንስ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ዕዳ አይሰረዝም። ከዕዳው የተረፈ ገንዘብ ካለ ግን የባለንብረቱ ነው፤ ጠይቁ።

ስለዚህ ያ ወር እንዴት ይዋል? አንደኛ፣ ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ባንኩ ጋ ሂዱ፤ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅጂውን ያዙ። ሁለተኛ፣ መክፈል የማይቻል ከሆነ ባንኩን አስፈቅዳችሁ ራሳችሁ ገዢ ፈልጉ። ተረጋግቶ የተሸጠ ቤት በሐራጅ ከተሸጠው የተሻለ ሊያወጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ ግምቱ እና ማስጠንቀቂያው የደረሰበት ቀን ትክክል መሆኑን አረጋግጡ።

አሁን ወደ እናንተ። ገና ቤት የለንም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ባጃጅ በብድር ሊገዛ የፈለገ ጓደኛ "ዋስ ሁነኝ" ይላል። ውሉ ላይ "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ካለ፣ አበዳሪው ጓደኛችሁን ሳይጠይቅ በቀጥታ እናንተን መክሰስ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና የሚሸፍነው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ውሉ ላይ እንዲጻፍ ያዛል፤ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ቁጥሩን ሳታዩ አትፈርሙ። የእናትና የአባታችሁን ቤት ካርታም በይሉኝታ ለመያዣ አታሰጡ።

ደብዳቤ ደርሶት ዝም ያለ ሰው ካወቃችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉለት። ቀኑ እየተቆጠረ ነው።